አሥር ሳንቲ ሜትር የበረረው ሮኬትና በእጃችን የምንሠራው መቆጣጠሪያ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1960 በፍሎሪዳ፣ ኬፕ ካናቬራል፣ ሜርኩሪ ሬድስቶን 1 የተሰኘው ሰው ያልተሳፈረበት ሮኬት ሞተሩ ተቀጣጠለ። ሮኬቱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዳለ ሞተሩ ጠፍቶ ተመልሶ በመቆሚያው ላይ ተቀመጠ። ጥፋቱ የነዳጁም የሞተሩም አልነበረም። ሮኬቱን ከመሬት ጋር ያገናኙ የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ከታቀደው ቅደም ተከተል ውጭ ተነቀሉ፤ ኤሌክትሪኩም ማንም ባላሰበው መንገድ አልፎ ሞተሩን የሚያጠፋውን ሪሌይ ቀሰቀሰው። መሐንዲሶቹ ነዳጅ የተሞላውን ሮኬት ለመጠጋት ስላልደፈሩ፣ ባትሪዎቹ እስኪደክሙና ፈሳሹ ኦክስጅን ተንኖ እስኪወጣ እስከ ማግሥቱ ጠበቁ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ያነሣሁት ተማሪዎች በሚያስወነጭፏቸው ትንንሽ የሞዴል ሮኬቶችም ላይ ያው ጥያቄ ስለሚነሣ ነው። ይኸውም፦ ኤሌክትሪኩ በፈለግነው ጊዜ ብቻ፣ በፈለግነው መንገድ ብቻ እንዲፈስ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

የሞዴል ሮኬት ሞተር በፋብሪካ የተዘጋጀ ሲሆን የሚለኮሰው በውስጡ በሚገባ ቀጭን የማቀጣጠያ ሽቦ ነው። መቆጣጠሪያውን ለመሥራት አራት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች፣ የሚነቀል ቁልፍ፣ ጣት ሲነሣ ራሱ የሚለቅ የደወል መጫኛ፣ ገመድና ሁለት መቆንጠጫዎች ይበቃሉ። ሁሉም ከማቀጣጠያው ጋር በተከታታይ ይያያዛሉ።

የማቀጣጠያው ሬዚስታንስ 0.7 ኦም፣ የአራቱ ድንጋዮች የውስጥ ሬዚስታንስ በድምሩ 0.8 ኦም ነው እንበል። ከሮኬቱ 5 ሜትር ርቀን ብንቆም ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ገመድ ይሆናል። የገመዱ የመዳብ ስፋት 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.34 ኦም ነው። በኦም ሕግ መሠረት 6 ቮልት ለ1.84 ኦም ሲካፈል 3.3 አምፒር ገደማ ይሰጣል። ገመዱን በ0.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብንተካው ግን ሬዚስታንሱ 1.7 ኦም ይሆንና ፍሰቱ ወደ 1.9 አምፒር ይወርዳል። ሙቀቱ ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን ማቀጣጠያው የሚያገኘው ኃይል ከ7.4 ዋት ወደ 2.5 ዋት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሮኬቱ አልነሣም ሲል ባትሪውን ከመውቀሳችን በፊት ገመዱን እንመርምር።

ከደወል መጫኛው ጎን በፓራለል አንድ ኤል ኢ ዲ ከ470 ኦም ሬዚስተር ጋር እናያይዛለን። ቁልፉ ሲገባ 8.5 ሚሊ አምፒር ገደማ በማቀጣጠያው ውስጥ አልፎ ኤል ኢ ዲውን ያበራል፤ ይህም መስመሩ አለመቆረጡን ይነግረናል። በማቀጣጠያው ላይ የሚፈጥረው ሙቀት ከማስወንጨፊያው ሙቀት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በኤል ኢ ዲው ፋንታ የእጅ ባትሪ አምፖል ብናደርግ ግን የሚያልፈው ፍሰት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፒር ሊደርስ ስለሚችል አደጋ አለው።

ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ ሳለሁ በአንድ ሜዳ ላይ ያየሁትን አልረሳም። አንድ ልጅ መጫኛውን ቢጫን ሮኬቱ ዝም አለ፤ ልጁም ወዲያው ወደ ሮኬቱ ሮጠ። አንድ አዛውንት ክንዱን ይዘው “ቁልፉስ የት አለ?” አሉት። ቁልፉ መቆጣጠሪያው ላይ እንደተሰካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ሮኬት ካልተነሣ ቁልፉ ይነቀላል፤ ከዚያም ማንም ሳይጠጋ 60 ሰከንድ ይጠበቃል። እነዚያ መሐንዲሶች እስከ ማግሥቱ የጠበቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሞተር የማይገኝ ከሆነ ባሩድ በቤት መቀመም ፈጽሞ አይሞከር፤ እጅና ዓይን ያሳጣል። ሮኬትም ሞተርም ሳይኖር በማቀጣጠያው ቦታ የ6 ቮልት አምፖል አስገብቶ መቆጣጠሪያውን መፈተን ይቻላል፤ ቁልፉ ሲገባ ኤል ኢ ዲው ብቻ፣ መጫኛው ሲጫን አምፖሉ ይበራል። በዚያው ጊዜ የባትሪውን ቮልቴጅ ለክቶ የውስጥ ሬዚስታንሱን ማስላት ለቤተ ሙከራ ጥሩ ሥራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ሁለቱ መቆንጠጫዎች እርስ በርስ ቢነካኩ ኤል ኢ ዲው እንደተለመደው ይበራል፤ ማቀጣጠያው ግን አይግልም። 0.7 ኦምን ከዜሮ የሚለይ መስመር እንዴት ትሠራላችሁ?