ቀኑ ሳይቆረጥ፦ ስለ ሰርግ ዝግጅት የሚባለውና እውነታው

ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ሲመለሱ ሁለት ቤት ባንድ ጊዜ ይደምቃል። በዚያው ሳምንት ስለ አዳራሽ፣ ስለ ቬሎ፣ ስለ ሚዜዎች ልብስ ይወራል፤ ምክሩም አብሮ ይጎርፋል። አክስት የምትለው አለ፣ አምና ያገባ ጓደኛ የሚለው አለ፣ ቪዲዮ ቀራጩ የሚለው አለ። አብዛኛው በቅንነት የሚሰጥ ነው። ከፊሉ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም የሚጎዳው ትልልቆቹ ውሳኔዎች ሲመሠረቱበት ነው። ቬሎ ቢበላሽ ይቀየራል፣ አበባው ቢያንስም ማንም አያስታውሰውም። ቀኑ፣ የእንግዳው ብዛት፣ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድና ጋብቻው በሕግ ፊት የሚኖረው መልክ ግን አንዴ ከተወሰኑ በኋላ ለማረም ከባድ ናቸው። እነዚህን አራቱን ተጋቢዎቹ ራሳቸው ቀድመው ካልወሰኗቸው ሌላ ሰው ይወስንላቸዋል።

«ሰርግ በጥር ነው፤ ካልሆነም በሚያዝያ»

ይህ እምነት መሠረት አለው። በጥር አውድማው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ገበሬው ከሥራ ፋታ አግኝቷል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ገናና ጥምቀት ዘመድ አሰባስበዋል። ለደጋሽ ከዚህ የተሻለ ወቅት አልነበረም። የሚያዝያው ሰርግ ደግሞ ከፋሲካ ጋር የመጣ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም ተፈትቶ ሃምሳውን ቀን ሥጋ ይበላል።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው በአጽዋማት ወቅት መደገስን እንጂ ከጥርና ከሚያዝያ ውጭ ማግባትን አይደለም። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ከመስከረም ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ግዴታ የሆነ ረጅም ጾም የለበትም፤ የጽጌ ጾም አለ፣ እሱም የፈቃድ ነው። ጥቅምትን ተመልከቱት፦ ዝናቡ አባርቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አዳራሾቹና ምግብ አዘጋጆቹም እንደ ጥር አይጨናነቁም። በሁለት ወር ዝግጅት መደገስ የሚፈልጉ ሰዎች ጥርን ሙጥኝ ብለው ሲንገላቱ ሳይ፣ ጥቅምትን ማን እንዳስረሳቸው ይገርመኛል።

ጥርን የመረጠ ሰው ደግሞ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ይመልከት። ፋሲካ ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወር ዐቢይ ጾምም አብሮት ይዘዋወራል። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሲሆን ጾሙ የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ ከጥምቀት በኋላ የሚተርፉት ቅዳሜዎች 4 ብቻ ናቸው። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ስለሚውል ጾሙ እስከ የካቲት 29 ይዘገያል፤ ቅዳሜዎቹም 7 ይሆናሉ። የከተማው ሙሽሮች ሁሉ በ4 ቅዳሜ ሲሻሙና በ7 ሲከፋፈሉ ዋጋውም ሆነ የማግኘት ዕድሉ አንድ አይደለም። «ጥር ውስጥ አንድ ቀን እንይዛለን» ብሎ ተዘናግቶ መቆየት በ2019 ሊያዋጣ ይችላል፤ በ2018 ግን አያዋጣም።

ለሙስሊም ተጋቢዎች ጉዳዩ ሌላ ነው። ኒካህ የሚታሰርበትና ወሊማው የሚደገስበት ቀን ሊራራቁ ይችላሉ፤ በረመዳን ኒካህ ማሰር ባይከለከልም በቀን ድግስ ስለሌለ ብዙዎች ከኢድ በኋላ ያደርጉታል። እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ ስህተት ላርም፦ መህር ለልጅቷ አባት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። የሙሽራዋ የራሷ ሀብት ነው፤ መጠኑም መወሰን ያለበት እሷ በተስማማችበት ነው።

«መጀመሪያ አዳራሽ ያዙ»

አይደለም። መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። የአዳራሹ ስፋት፣ የበሬው ቁጥር፣ የእንጀራው ብዛት፣ የመጠጡ ሣጥን፣ የካርዱ ኅትመት ሁሉ የሚወጣው ከእንግዳው ቁጥር ነው። 300 ሰው ይበቃናል ብለው አዳራሽ ከያዙ በኋላ የሁለቱ ወላጆች ዝርዝር ተደምሮ 600 ሲሆን፣ የሚመጣው ወይ ብድር ነው ወይ ቅያሜ። አንድ ካርድ ላይ «ከነባለቤትዎ» ብሎ መጻፍ ያንን ካርድ ሁለት ሰው እንደሚያደርገው፣ «ከነቤተሰብዎ» ከተባለ ደግሞ ልኩ እንደማይታወቅ ስንቶቻችን አስበነዋል?

የወላጆችን ዝርዝር እንደ ጥጋብ የሚቆጥሩ ወጣቶች አሉ፤ እኔ አልስማማም። እናትና አባት ለሠላሳ ዓመት በጎረቤትና በዘመድ ሰርግ በልተዋል፣ ለእድርተኛው ልጅ ድንኳን ተክለዋል፣ ሽንኩርት ልጠው አድረዋል። ያንን ብድር መመለስ ይገባቸዋል። መፍትሔው ሰዎቹን መሰረዝ ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው፤ ባህሉም ለዚህ ቦታ አዘጋጅቷል። መልስና ቅልቅል አሉ። የወላጆቹ እድርተኞችና ጎረቤቶች በእድር ድንኳንና በእድር ዕቃ፣ በሰፈራቸው፣ ጠላውም ዶሮ ወጡም ባለበት ቢጋበዙ ከአዳራሹ ይልቅ የሚከበሩት እዚያ ነው። ወሳኙ ይህ ክፍፍል ሁለቱ ቤተሰቦች ባሉበት፣ ቀብድ ሳይከፈል በፊት መነገሩ ነው።

ስለ ቀብድም የሚባለው ልክ አይደለም። «ሐሳባችንን ከቀየርን ቀብዱን ይመልሱልናል» ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ይህ ሕግ ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰው ቁጥሩና የተከፈለው ብር ተጽፎ ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት ሳይዙ ብር መስጠት አይገባም። ለዲኮሩም ለዲጄውም ለቪዲዮውም እንደዚያው።

«ወጪው በስጦታ ይመለሳል»

ላይመለስ ይችላል፤ ቢመለስም ጊዜው አልፎ ነው። ለአዳራሽ፣ ለምግብና ለመጠጥ የሚከፈለው ከሰርጉ በፊት ነው፤ ስጦታው የሚመጣው ሁሉም ከተከፈለ በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው። እቁብ ቀድሞ መግባት፣ ዕጣው ለሰርጉ ወር እንዲደርስ ከእቁብተኞቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ ከዚያ በሚገኘው ልክ መደገስ ከብድር ይሻላል። ወጣት ባልና ሚስት የመጀመሪያ ዓመታቸውን የአንድ ቀን ድግስ ዕዳ ሲከፍሉ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያንን ብድር እንዲወስዱ የገፋፋቸው «ሰው ምን ይላል» ደግሞ በመክፈያው ቀን አጠገባቸው አይገኝም።

«ተክሊል የፈለገ ሁሉ ያደርገዋል»

ሥርዓተ ተክሊል ድንግልናቸውን ጠብቀው ለቆዩ ተጋቢዎች ነው። ሌሎች በንስሐ ተዘጋጅተው በቅዱስ ቁርባን ይጋባሉ፤ ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን የተባረከ ነው፣ ያነሰ ተብሎም አይታይ። ከየንስሐ አባት ጋር የሚደረገው ንግግር ቀኑ ከመቆረጡ በፊት መሆን አለበት፤ ካርዱ ከታተመ በኋላ የተከፈተ ጉዳይ ሁለት ሰዎችን በማይገባ ጭንቀት ውስጥ ይከታል። ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር በማለዳ ስለሚፈጸም ተጋቢዎቹ ጾመው የሚያድሩ መሆናቸውም ለሜካፕና ለፎቶ ሰዓት ከመያዙ በፊት ይታሰብበት።

«ማዘጋጃ ቤት ካልፈረምን አልተጋባንም»

ይህም ይባላል፣ ተቃራኒውም ይባላል፦ «ቤተ ክርስቲያን ከገባን ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ሁለቱም ይሳሳታሉ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሦስት የጋብቻ ዓይነቶችን ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸምና በባህል ሥርዓት የሚፈጸም። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየክልላችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ግን መመዝገብ አለበት፤ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ያልተመዘገበ ጋብቻ አለ ለማለት በኋላ ምስክር መጥራትና ፍርድ ቤት መመላለስ ይመጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንደኛው ወገን ከሞተ በኋላ፣ ሐዘኑ ባልበረደበት፣ ስለ ውርስ ጥያቄ ሲነሣ ነው።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት የመረጡ ሰዎች ሕጉ የሚጠይቀውን ጊዜ ይወቁት። የሚጋቡበት ቦታ ከሁለቱ አንዱ ወይም ወላጆቻቸው አለዚያም የቅርብ ዘመዳቸው ቢያንስ 6 ወር የኖሩበት መሆን አለበት፤ ሐሳባቸውንም ከ1 ወር ባላነሰ ጊዜ አስቀድመው ለሹሙ ያሳውቃሉ። በዕለቱ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል። ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ጋብቻ በሕግ የሚጸናው በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ የሽማግሌ ወግ የሚከበረው ለቤተሰብ ክብር ሲባል እንጂ ሕጉ ስላስገደደ አይደለም።

አንዱ አሜሪካ ሌላው አገር ቤት ላለ ጥንድ ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። በእጮኛ ቪዛ የሚሄድ ሰው አሜሪካ ሲገባ ያላገባ መሆን አለበት፤ ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ይጋባል። «አዲስ አበባ ላይ የተደረገው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብቻ ስለሆነ አይቆጠርም» የሚለው ምክር አደገኛ ነው። ከላይ እንዳልነው የሃይማኖት ጋብቻ በእኛ ሕግ ራሱን የቻለ ጋብቻ ነው፤ ስለዚህ በጥር በተክሊል የተጋባ ሰው በመጋቢት በእጮኛ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ «አላገባሁም» ማለት አይችልም። ወይ ጋብቻው ተፈጽሞ፣ ተመዝግቦ በትዳር ጓደኛ ቪዛ ይጠየቃል፤ ወይ አገር ቤት የሚደረገው ሽምግልናና ቀለበት ብቻ ሆኖ ጋብቻው አሜሪካ ይፈጸማል። ይህ ምርጫ ከአዳራሹም ከቀኑም ይቀድማል።

«የጋብቻ ውል የሚፈርም ፍቺ ያሰበ ነው»

ስለዚህ ነገር ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለናል። ግን ውል ያልፈረመ ሰውም ውል አለው፤ ሕጉ የጻፈለት ውል ነው፣ ተጋቢዎቹ ግን አላነበቡትም።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣ ንብረት የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ በማንም ስም ይሁን የጋራ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። አንዲት ሴት ከማግባቷ በፊት የሠራችው ቤት የግሏ ሆኖ ይቀራል፤ ከሰርጉ በኋላ የሚሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለቱ ነው። የባል የቀድሞ መኪና የባል ነው፤ በታክሲ ሠርቶ የሚያስገባው ብር የጋራ ነው። ንብረቱ የግል መሆኑን ማስረዳት ያልቻለ ሰው ደግሞ ንብረቱ እንደ ጋራ ይገመትበታል። ለሁለቱ በአንድነት የተሰጠ የሰርግ ስጦታም ሰጪው ሌላ ካላለ የሁለቱ ነው።

ይህ ለአብዛኛው ባልና ሚስት ፍትሐዊ ነው፤ እኔም ብዙዎች ምንም ሳይጨምሩበት ሊኖሩበት እንደሚችሉ አምናለሁ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ከቀድሞ ትዳር ልጆች ካሉት፣ ከወንድሞቹ ጋር በጋራ የያዘው ሱቅ ካለ፣ ወይም በወላጅ ስም ያለ ቤት እየታደሰ ከሆነ፣ ውሉ ሌሎች ሰዎችንም ይጠብቃል። በተለይ ሴቷ በስሟ ምን እንዳለ ጽፋ ብትገባ ማንም ሊከፋበት አይገባም፤ እናቶቻችን ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን የወጡት ፍቅር ስላነሳቸው ሳይሆን ማስረጃ ስላልነበራቸው ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ውሉ የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው፤ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ4 ምስክሮች ፊት ይፈረማል፣ ሁለቱ በባል በኩል ሁለቱ በሚስት በኩል። በቅልቅል ማግሥት ትዝ ቢል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ለውሉ የሚያስፈልገው ከሰርጉ አንድ ወር በፊት፣ ሚዜም ወላጅም በሌለበት፣ ሁለቱ ተቀምጠው ያላቸውንና ያለባቸውን የሚናገሩበት አንድ ከሰዓት ነው።