ኮንዶሚኒየም በምን ረከሰ?

ከጉርድ ሾላ በባቡር እስከ አያት ሂዱ፤ ከዚያ በታክሲ ወደ የካ አባዶ ዝለቁ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላው ይህ ቦታ ቀድሞ እርሻ ነበር።

የ20/80 ቤት ከግል አልሚዎች ቤት የረከሰበት አንዱ ምክንያት መሬቱ ነው፤ መንግሥት የሊዝ ዋጋ አላሰበበትም። ገበሬውስ? በሕጋችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የመፈናቀያ ካሳውን ያሰላው በመሬቱ ዋጋ ሳይሆን በምርቱ ነበር፦ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ሲባዛ በ10። ገቢው በዓመት 20 ሺህ ብር ከሆነ ካሳው 200 ሺህ ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን 15 አደረገው።

ሒሳቡ ልክ ይመስላል፣ አይደል? ግን ብሩ የ10 ዓመት ኑሮ ነው፤ መሬቱ ደግሞ የልጅ ልጅንም ያበላ ነበር። እናም ርካሽ ቤት ስታዩ፣ ቀሪውን ማን ከፈለው ብላችሁ ጠይቁ።