ባለ ፎቁ ፒንቦልና የሙከራ ናሙናው

ፒንቦል በመስተዋት በተሸፈነ ተዳፋት ሜዳ ላይ የሚካሄድ የማሽን ጨዋታ ነው። 80 ግራም ያህል የሚመዝን የብረት ኳስ በስበት ኃይል ወደ ተጫዋቹ ይንከባለላል፤ ተጫዋቹም በኤሌክትሮማግኔት በሚንቀሳቀሱ መቺ ክንፎች ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሜዳው ባለ ፎቅ ሲሆንስ ምን ይከተላል?

እ.ኤ.አ. በ1980 ስቲቭ ሪቺ ለአሜሪካው ዊሊያምስ ኩባንያ የነደፈው «ብላክ ናይት» ባለ ሁለት ፎቅ ነበር። በ1982 የጎትሊብ ኩባንያ «ሆንትድ ሃውስ» ሦስት ደረሰ። ከዋናው ሜዳ ሥር ያለው ምድር ቤት ተዳፋቱ የተገላቢጦሽ በመሆኑ ኳሱ ከተጫዋቹ እየራቀ ይወርዳል። በ1983 ይኸው ኩባንያ የሠራው «ክሩል» ግን ከ10 ያህል የሙከራ ናሙናዎች አላለፈም።

የንድፉን ችግር በስሌት እንመልከት። ኳሱን 10 ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ 0.08 ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። የሚንከባለል ኳስ ከእንቅስቃሴ ጉልበቱ 2/7ኛው በመሽከርከሩ ውስጥ ይገኛል። ሰበቃን ብንተው እንኳ ከመወጣጫው ሥር ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከዚህ ካነሰ ከመንገድ ይመለሳል፤ እጅግ ከበለጠ ደግሞ ከመወጣጫው ሊዘል ይችላል።

ሰበቃው፣ የክንፉ መዳከምና የኳሱ ግጭት ግን በወረቀት ላይ ተሟልተው አይሰሉም። እያንዳንዱ ፎቅ ተጨማሪ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያና ክንፍ ይጠይቃል፤ የታችኛውንም ፎቅ ለጥገና አስቸጋሪ ያደርገዋል። የሙከራ ናሙና የሚሠራውም ስለዚህ ነው፦ ስሌቱ ያላየውን ጉድለት፣ ማሽኑ በብዛት ከመመረቱ በፊት፣ ኳሱ ራሱ እንዲያሳየን።