የሞአ ወፍ አስተዳደግ ከዐጥንቱ እንደ ታወቀ

በኒው ዚላንድ ደሴቶች ሞአ የሚባሉ ክንፍ የሌላቸው ታላላቅ አዕዋፍ ይኖሩ ነበር፤ ከወገናቸው ትልቁ አንገቱን ሲያቀና ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ነበረ። ዛሬ አንድ ስንኳ ስለሌለ፥ የጫጩቱ አስተዳደግ በምን ይታወቃል?

የዛፍ ግንድ ሲቈረጥ የዓመታቱ ቀለበት እንደሚታይ፥ ዐጥንትም በየዓመቱ እድገቱ ጥቂት ሲቆም መስመር ይቀርበታል። የዛሬዎቹ አዕዋፍ አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ አድገው ስለሚጨርሱ ይህ መስመር የላቸውም። ሊቃውንት ግን የሞአን የእግር ዐጥንት በስሱ ቈርጠው በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩ መስመሮቹን አገኙ፤ አንዳንዱ ዓይነት አካሉ እስኪጸና 10 ዓመት ያህል ይፈጅበት እንደ ነበረም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. አስታወቁ።

በ13ኛው መቶ ዓመት የማኦሪ አባቶች ወደዚያ ደርሰው ያድኑት ጀመር። ዘግይቶ የሚራባ ፍጥረት የሞተበትን ቶሎ አይተካምና፥ በ200 ዓመት ያህል ጊዜ ዘሩ ጠፋ።