አራት መቶ ካሴት በአንድ ኪስ

ሰላ ድንጋይ ያሉት አጎቴ አራት መቶ ያህል ካሴት አላቸው። ለጻድቃኔ ማርያም ንግሥ መጥቶ እሳቸው ዘንድ ያደረ እንግዳ ሁሉ ሳጥኖቹን አይቶ ይገረማል። ዘንድሮ ቴፑ ክር መብላት ሲጀምር፣ «ይኼን ሁሉ በኪሴ የሚያስይዝልኝ ዕቃ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ነገሩ ከሒሳብ ይጀምራል። አንዱን ካሴት በ60 ደቂቃ ብንይዘው ድምሩ 24,000 ደቂቃ ነው። ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት ቢቀመጥ ለደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ 250 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው። ኤምፒ3 ጆሮ የማይለየውን እየተወ ያምቃል። ከበሮ ጎልቶ ሲመታ ከሥሩ ያለችውን ስስ ድምፅ ስለማንሰማት እሷን መያዝ አያስፈልገውም። በሴኮንድ 192 ኪሎ ቢት ሲታመቅ ያ ሁሉ ካሴት 35 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ፍላክ የሚባለው ሌላ ማመቂያ ግን ምንም ሳይጥል ያልታመቀውን ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሽሽ እያለ ለሚጫወት አሮጌ ካሴት ኪስ ውስጥ ፍላክ መያዝ ብክነት ነው እላለሁ። ቤት የሚቀመጠው ቅጂ ግን ፍላክ ይሁን፤ ኤምፒ3 አንዴ የጣለውን አይመልስም።

አጎቴ ዓይናቸውን የጣሉት ዘመድ ባመጣላቸው አሮጌ አይፖድ ላይ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው 5 ጊጋ ነበረው፤ 160 ጊጋ የደረሰው ክላሲክ በ2014 ሽያጩ ቆመ። በእነዚህ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። የሚያነበው ራስ ዲስኩን አይነካም፤ ሽክርክሪቱ በፈጠረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል፤ ያ ራስ ዲስኩን ቢነካው ይቧጭረዋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። አምራቹ ለአይፖድ ያስቀመጠው የከፍታ ጣሪያም ይኸው 3,000 ሜትር ነው። በአጎቴ አገር በኩል ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ጣርማ በር ላይ የተከፈተ አይፖድ ሁሉ ይበላሻል ማለቴ አይደለም፤ ለደጋ ሰው ግን ዲስክ አልመርጥለትም። አንዳንዶች ዲስኩን አውጥተው በሚሞሪ ይተኩታል፤ ያ ያስኬዳል።

ስለዚህ ሚሞሪ የሚቀበል ማጫወቻ ፈለግን። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ከ32 ጊጋ በላይ አይቀበሉም፤ የእኛ 35 እንግዲህ ውጭ ቀረ። ላዩ ላይ 512 ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ሚሞሪም ገበያው ላይ ሞልቷል። ሲጭኑት ዝም ይላል፣ ኋላ ዘፈኑ ጠፍቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ጢም አድርገው ሞልተው መጨረሻ የገባውን ያጫውቱ። ሦስተኛው ፊደላችን ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም በአማርኛ የተጻፈ ስም ላይ ባዶ ሳጥን የሚደረድሩ ማጫወቻዎች አሁንም አሉ። በሺዎች የሚቆጠር ዘፈን ይዞ ስም ማንበብ የማይችል ዕቃ መለያ ከሌለው ጎተራ አይሻልም። ሱቅ ሲሄዱ አንድ አማርኛ ስም ያለው ዘፈን ይዘው ይሂዱ።

በመጨረሻ 64 ጊጋ ሚሞሪ የሚያነብ፣ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ማጫወቻ አገኘን። የቀረው መገልበጡ ነው። ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ በቀን ሁለት ሰዓት ብንሠራ 200 ቀን ይፈጃል። እርስዎም ካሴት ካለዎት ማጫወቻው እስኪገዛ አይጠብቁ፤ ቴፑ ሳይበላው መገልበጡን ይጀምሩ።