ዕድሜን በኤክሴል ማስላት

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በሴሉ ላይ 11/09/2024 የሚል ቢነበብም ከሥሩ ያለው 45546 ነው፤ ይህም ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ የጀመረ የቀናት ቆጠራ ነው። ሰዓትና ደቂቃ ካለ ከነጥብ በኋላ ባለው ክፍልፋይ ይያዛል። ስለዚህ አንዱን ቀን ከሌላው መቀነስ ለማሽኑ ተራ የቁጥር መቀነስ ሲሆን፣ የሚገኘውም በመካከል ያለፉት ቀናት ብዛት ነው። ቆጠራው ከመነሻው አንድ ግድፈት አለበት፦ 1900 ፌብሩዋሪ 29 ያልነበረው ዓመት ሆኖ ሳለ ኤክሴል እንደነበረው አድርጎ ይቆጥራል። ይህን የወረሰው ከእርሱ በፊት ከነበረው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከሎተስ 1-2-3 ጋር እንዲግባባ ሲባል ሆን ተብሎ ነው። ከማርች 1900 በፊት የተወለደ ሰው በሕይወት ስለሌለ ዛሬ ማንንም አይጎዳም።

ዕድሜ ግን የቀናት ብዛት አይደለም። ሰው ስንት ዓመቱ ነው ሲባል የሚቆጠረው ያለፉት የልደት ቀናት ናቸው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው። ቀላሉ መንገድ የዘንድሮውን ዓመት ወስዶ የትውልድ ዓመቱን መቀነስ ነው፤ የልደት ቀኑ ገና ያልደረሰውን ሰው ሁሉ ግን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ሁለተኛው መንገድ ቀናቱን ለ365 ማካፈል ነው። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው አንዲት ቀን እየተጠራቀመች ስለምትሄድ፣ 60 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ያህል የቀረውን ሠራተኛ ሞልቶታል ይላል። ይህን ለማረም ሲባል ለ365.25 ማካፈል የተለመደ ነው። እሱም ቢሆን በልደቱ ዕለት ራሱ ይሳሳታል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2001 የተወለደ ሕፃን ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 አንድ ዓመት ሞላው፤ ያለፉት ቀናት 365 ናቸው፤ ለ365.25 ሲካፈሉ ከአንድ ጥቂት ያንሳሉ፤ ክፍልፋዩ ሲጣል ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ለአማካይ ስሌት ይበቃል፤ የጡረታ ቀን ለመወሰን ግን አይሆንም።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፎርሙላ ዴትዲፍ (DATEDIF) ይባላል። እሱም ከሎተስ ዘመን የመጣ ነው። ኤክሴል ሌሎቹን ፎርሙላዎች ገና የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲጻፍ ሲጠቁም ይህን ግን አይጠቁምም። ስለዚህ ብዙ ተጠቃሚ መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ያሳልፋል፤ የሚያውቀውም ስሙን ሙሉ በሙሉ በእጁ መጻፍ አለበት። በጎግል ሺትስም ይሠራል። በቅንፉ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ መጀመሪያ የትውልድ ቀኑ፣ ቀጥሎ ዕድሜው የሚሰላበት ቀን፣ በመጨረሻ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የመለኪያው ፊደል። የእንግሊዝኛው ዋይ የሞሉትን ዓመታት፣ ኤም የሞሉትን ወራት፣ ዲ ቀናቱን ይሰጣል። ዋይና ኤም አንድ ላይ ሲጻፉ ከዓመቱ የተረፉት ወራት ይወጣሉ፤ «4 ዓመት ከ7 ወር» ለማለት ይህ ያስፈልጋል። ኤምና ዲ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከወሩ የተረፉትን ቀናት መስጠት የነበረበት መለኪያ አንዳንድ ጊዜ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ያወጣል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዳይጠቀሙበት ስለሚያስጠነቅቅ ቢቀር ይሻላል። ሁለቱ ቀኖች ቦታ ተለዋውጠው የትውልዱ ቀን ከሌላው በኋላ የሚውል ከሆነ ኤክሴል የስህተት ምልክት ያወጣል። ዪርፍራክ (YEARFRAC) የሚባል ሌላ ፎርሙላም አለ፤ እሱ ካልታዘዘ በቀር ወሩን ሁሉ 30፣ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ስለሆነ ለወለድ ስሌት እንጂ ለሰው ዕድሜ አልተሠራም።

የሚሰላበት ቀን ላይም ትንሽ ማሰብ ይገባል። ቱዴይ (TODAY) የሚባለው ፎርሙላ የዕለቱን ቀን በራሱ ስለሚያስገባ ዕድሜው ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ይታደሳል። ለሠራተኞች መዝገብ ጥሩ ነው። በመስከረም 1 ቀን 7 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ለሚመዘግብ ትምህርት ቤት ግን ጎጂ ነው፤ ዝርዝሩ በኅዳር ቢከፈት ሌላ መልስ ይሰጣል። እንዲህ ላለው የተወሰነውን ቀን በአንድ ሴል ጽፎ ፎርሙላውን ወደዚያ መምራት ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ቀኖቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከተጻፉ ነው። የኤክሴል የቀን ፎርሙላዎች የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የትውልድ ቀን የሚጻፈው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ዘመን ነው፤ ችግሩ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ቅጹ ላይ 20/4/1985 ብላ ትጽፋለች። ጸሐፊው እንዳለ ሲያስገባው ኤክሴል ኤፕሪል 20 ቀን 1985 (እ.ኤ.አ.) ብሎ በጸጥታ ይቀበላል። እውነተኛው ቀን ግን ዲሴምበር 29 ቀን 1992 ነው። በ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ሴትየዋ 31 ዓመቷ ነው፤ ሠንጠረዡ 39 ይላል። በዚህ ዓይነት 53ኛ ዓመቱን የያዘ ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣበትን 60 ዓመት አልፎ ሊገኝ ይችላል፤ ማሽኑም ምንም ምልክት አያሳይም።

ምልክት የሚያሳይባቸው ጊዜያትም አሉ። ጥቅምት 30 ሲጻፍ 30/2 ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላት ኤክሴል ቀን መሆኑን ሳይቀበል እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጽሑፍ ወደ ሴሉ ግራ፣ ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋልና በዓይን ይለያል። ጳጉሜን ግን ታታልላለች፦ ኮምፒዩተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ ልማድ ከተስተካከለ፣ ጳጉሜን 5 ለማለት የተጻፈው 5/13 ሜይ 13 ይሆናል። ዓመቱን በሁለት አኃዝ ማሳጠርም እንዲሁ አደጋ አለው፤ ከ1900ዎቹ ይሁን ከ2000ዎቹ ኤክሴል በራሱ ይወስናል።

መፍትሔው ቀኑን በአንድ ሴል አለመጻፍ ነው። ዓመቱ በኤ2፣ ወሩ በቢ2፣ ቀኑ በሲ2 ለየብቻ ይገባሉ፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። ከዚያ ዓመቱን በ10000፣ ወሩን በ100 አባዝቶ ቀኑን መደመር ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ሴት 19850420 ትሆናለች፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ 20170101። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሲቀነስ 319681 ይቀራል፤ ለ10000 ተካፍሎ ክፍልፋዩ ሲጣል 31። ካሌንደር መቀየር አላስፈለገም፤ ሁለቱም ቀኖች በአንድ አቆጣጠር እስከተጻፉ ድረስ ዘዴው ለማንኛውም ካሌንደር ይሠራል። ከዴትዲፍ ይልቅ ይህን መምረጥ ብልህነት ነው፤ የሚሠራው ሰው እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኑ ያየዋል።

ቀኑን ወደ ጎርጎርዮስ መመለስ ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለፓስፖርት ወይም በውጭ አገር ላለ ቀጣሪ፣ የኢትዮጵያ ካሌንደር ወራቱ ከጳጉሜን በቀር እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ አጭር ነው፦ 365*ኤ2+ኢንት(ኤ2/4)+30*ቢ2+ሲ2-691194። ኢንት (INT) ክፍልፋዩን የሚጥለው ፎርሙላ ነው፤ ዓመቱን ለአራት የሚያካፍለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትመጣውን ስድስተኛዋን ጳጉሜን ለመቁጠር ነው። ለመስከረም 1 ቀን 2017 የሚወጣው መጀመሪያ ላይ የታየው 45546 ነው። ሴሉ የቀን ቅርጽ ሲሰጠው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሆኖ ይነበባል፤ ዴትዲፍም ያለ ችግር ይቀበለዋል። ቁጥሩ ቀናትን በቀጥታ ስለሚቆጥር፣ በ2100 (እ.ኤ.አ.) ጎርጎርዮሱ አንድ ቀን ሲዘል ፎርሙላው አይናጋም።

ሁለቱ ካሌንደሮች በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ሁልጊዜ አይስማሙም። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆቹ የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ ከዚያ ዕለት በፊት ያለቀችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በቀጣዩ እንቁጣጣሽ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ዓመት ሞላው፤ በጎርጎርዮስ ግን አንድ ቀን ይቀረዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸውና መሥሪያ ቤቱ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት አለበት። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ቀኑን በየአራት ዓመቱ አንዴ ብቻ ያገኛል፤ በ10000 ዘዴ በሌሎቹ ዓመታት ዕድሜው የሚጨምረው መስከረም 1 ነው። ዴትዲፍም ፌብሩዋሪ 29 የተወለደውን ማርች 1 ላይ ያሸጋግረዋል።

የትውልድ ቀናቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ወደ አሜሪካ በስደት ከገቡት ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተሞላው ቀኑ ስላልታወቀ ነው። ፎርሙላው ይህን ከእውነተኛ ልደት አይለይም፤ ዕድሜያቸውንም በወርና በቀን ዘርዝሮ ያወጣል። ለእነርሱ ዓመቱን ብቻ ማስላትና ከጎኑ በሌላ ዓምድ «ቀኑ ግምት ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ 18 ወይም 60 ሞላ አልሞላም የሚለው ሲያከራክር መዝገቡን የሚያየው ሰው ሌላ ማስረጃ መጠየቅ እንዳለበት ከዚያ ያውቃል።