የምግብ ቤት ደንበኛ ምን ይላል?

ሰው በገዛ ቤቱ ሲበላ ብዙ አይጠይቅም። ሽሮውን ማን እንደሠራው፣ ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ ሳህኑ እንዴት እንደታጠበ ያውቃል። ከቤቱ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገደኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ ለትምህርት ከወላጆቹ ርቆ ቤት የተከራየው ተማሪ፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ከገጠር የመጣው ገበሬ፣ እነዚህ ሁሉ ምግብ ቤት ገብተው ይበላሉ። ወጡን የሠራችውን አያውቋትም። ማድ ቤቱንም አያዩትም። እንዲያም ሆኖ ቀርቦላቸው ይቆርሳሉ። ስለዚህ ምግብ ቤት የአደራ ቤት ነው።

ይህ አደራ እንዴት ይጠበቃል? በባለቤቱ ብቻ ነው እንዳንል፣ ባለቤቱ ሁሉንም አያይም። በደንበኛው ብቻ ነው እንዳንል፣ ደንበኛው ጓዳ አይገባም። አደራው የሚጠበቀው ሁለቱ ሲነጋገሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ደንበኛ ምን ማየት እንዳለበት፣ ቅር ሲለውም እንዴት መናገር እንደሚገባው እንመለከታለን።

ከበሩ እስከ ገበታው

ወደ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ስንገባ በመጀመሪያ የምናየው የእጅ መታጠቢያውን ነው። ውሃ አለው? ሳሙና አለው? እንጀራ የሚበላው በእጅ ነው። ስለዚህ ለእኛ አገር ሰው የእጅ መታጠቢያ ከማንኪያና ከሹካ ይበልጣል። እጅን በሳሙና አሽቶ ለመታጠብ 20 ሴኮንድ ያህል ይበቃል። ቧንቧው ውሃ ባይኖረው እንኳ በጀሪካን ላይ ትንሽ ቧንቧ ገጥሞ ማስቀመጥ ከባድ ወጪ አይደለም። ደንበኛው የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና ከሌለ፣ ወጥ ቤቷስ በምን ታጥባ ይሆን? ብለን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን እናያለን። አንድ ጨርቅ ጠዋት ተነክሮ እስከ ማታ ጠረጴዛውን ሁሉ የሚያዳርስ ከሆነ፣ ጨርቁ እድፉን ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያጸዳም። ከዚያ ዝንቡን፣ የእንጀራውን መክደኛ፣ የአሳላፊዋን እጅ እናያለን። እጇ ላይ የቆሰለ ነገር ካለ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስተር መሸፈን አለበት። የመግል ቁስል ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓይነት ጀርም ምግብ ላይ ሲያርፍ መርዝ ያመነጫል። ይህን መርዝ ወጡን መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ምግቡን የበላው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ሆዱንም ይቆርጠዋል።

ሙቀትና ሰዓት

ብዙ ደንበኞች ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። ደስ የሚለው ለዓይንና ለአፍንጫ ብቻ አይደለም። ፈልቶ ወዲያው የቀረበ ምግብ ጀርም ለመራባት ጊዜ አያገኝበትም። ችግሩ ጠዋት ተሠርቶ ለብ እንዳለ እስከ ማታ የሚቆየው ወጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አምስት ነጥቦች ያሉት የምግብ ደኅንነት ምክር አውጥቷል። ነጥቦቹም ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውንና የበሰለውን መለየት፣ በሚገባ ማብሰል፣ ምግብን ተገቢ በሆነ ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውሃና ጤናማ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። በዚሁ ምክር መሠረት የበሰለ ምግብ ቀዝቃዛም ሙቅም ባልሆነ ቦታ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሊቀርብ የተዘጋጀ ወጥ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ይቆያል። ቴርሞሜትር የሌላት ወጥ ቤት ይህን በቀላሉ ታውቀዋለች፤ ትኩስ ወጥ እንፋሎት ያወጣል፣ ጣትም አያስነካም።

ስለ ጥሬ ሥጋም አንድ ቃል እንጨምር። ቁርጥና ክትፎ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ሥጋው በሐኪም የተመረመረና ማኅተም ያለው መሆኑን መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አብስሎ መብላት ነው።

ሰው ሲታመም ብዙ ጊዜ «ትናንት የበላሁበት ቤት ነው» ይላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምሳሌ ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጀርሙ ከገባ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የትናንቱን ቤት ስንወቅስ ጥፋቱ የሌላ ቤት፣ ወይም የገዛ ቤታችን ሊሆን ይችላል። ያላዩትን አለማውራት፣ ያዩትን ግን አለመደበቅ ጥሩ ነው።

የአንድ ዓርብ ምሳ

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስሄድ አውቶቡሳችን ለምሳ ቆመ። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም እሳቸውም በያይነቱ አዘዝን። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ከምስሩ ጠቅልለው ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው አባባ፣ አልጣፈጠዎትም?» አልኳቸው።

«ቅቤ ሸተተኝ ልጄ፤ ዛሬ ደግሞ ጾም ነው» አሉ።

አሳላፊዋን ጠሩና ሒሳባቸውን ከፈሉ። ምንም አልተናገሩም። ውሃ ጠጥተው፣ ጦማቸውን ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። በሌላው ጠረጴዛ የነበሩ ሁለት ሰዎችም እርስ በርስ ተያይተው «ሁለተኛ እዚህ ቤት አንገባም» እየተባባሉ ወጡ።

እኔም ልወጣ ነበር። ነገር ግን የሽማግሌው ፊት አላስቻለኝም። ባለቤቲቱ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አልኳቸው።

«ምነው ወንድሜ፣ ወጥ ጎደለ እንዴ?»

«ወጡስ ሞልቷል። የጾሙ ምስር ቅቤ ቅቤ ይላል። አንድ ሽማግሌ ሳይበሉ ሄዱ።»

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ኧረ በእኔ ቤት! የጾሙ ወጥ ድስቱ እንኳ ለብቻው ነው!» አሉና ወደ ማድ ቤት ገቡ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እውነትም ድስቶቹ የተለያዩ ነበሩ። ጭልፋው ግን አንድ ነበር። በምሳ ሰዓት ሩጫ አዲሷ ልጅ በአንዱ ጭልፋ ከቀይ ወጡም ከምስሩም ትጨልፋለች።

ባለቤቲቱ ልጅቷን አልተቆጧትም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰሞኑን ዓርብና ረቡዕ ደንበኛ ለምን ቀነሰብኝ እያልኩ ሳስብ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም» አሉ።

ከወር በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ ገባሁ። በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ጭልፋ ተሰቅሏል። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ቀይ ክር ያለው የፍስክ ነው። ወጪው አንድ ጭልፋና አንድ ክንድ ክር ነው። እነዚያ ሽማግሌ ግን ይህን አያውቁም። ምናልባት ዛሬም ያን ቤት አልፈው ይሄዱ ይሆናል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ተረት አለን። በምግብ ቤት ግን ደንበኛ ዝም ሲል ዝንቡ ወጡ ውስጥ ይገባል።

ሒሳቡን እናንብብ

ማንበብና መደመር የሚችል ሰው በምግብ ቤት ሁለት ነገር ያነባል። አንዱ የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ሌላው የሒሳብ ደረሰኝ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለውም ይደነግጋል።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ሆነን በላን እንበል። ሁለት በያይነቱ እያንዳንዱ 120 ብር፣ አንድ ጥብስ 250 ብር፣ ሦስት ሻይ እያንዳንዱ 15 ብር ነው። በያይነቱ 240፣ ጥብሱ 250፣ ሻዩ 45 ሲሆን ድምሩ 535 ብር ይሆናል። 585 ብር ከተባልን 50 ብር በስሕተት ተጨምሯል ማለት ነው። ቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበና ታክሱ በዝርዝሩ ዋጋ ውስጥ ያልገባ ከሆነ 15 በመቶ፣ ማለትም 80 ብር ከ25 ሳንቲም ይጨመራል። ያልተመዘገበ ቤት ግን ይህን ታክስ ከደንበኛ መቀበል አይችልም። ደረሰኙን አንብበን «ይህ የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ድምሩ ጎድሎ ስናገኝም መናገር አለብን። የጎደለው ከአሳላፊዋ ኪስ ሊወጣ ይችላልና።

አሳላፊዋም ሰው ናት

ስለ መስተንግዶ ስናወራ ብዙ ጊዜ «ቆየችብን፣ ፊቷን አጠቆረችብን» እንላለን። እሷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል ናት። አንዱ ያጨበጭብባታል፤ ሌላው «አንቺ!» ብሎ ይጮኽባታል። «እህቴ፣ ስትመቺ ነይ» ያላት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይስተናገዳል። ጉርሻ መስጠት በፈቃድ ነው፤ አክብሮት ግን ግዴታ ነው። ባለቤትም ብትሆን ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ለሃያ ሰው እያሠራች «ደንበኛ ለምን አኮረፈ?» ልትል አይገባም።

እንዴት እንናገር?

አንደኛ፣ ቅር ያለንን ነገር እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ለባለቤቱ እንናገር። ከወጣን በኋላ ለሠፈር ሰው ብቻ ማውራት ምግብ ቤቱን አያስተካክልም።

ሁለተኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንናገር። በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ ጥፋቱን አያይም።

ሦስተኛ፣ ያየነውን ብቻ እንናገር። «ቤታችሁ ቆሻሻ ነው» ከማለት «ይህ ብርጭቆ ቅባት አለበት» ማለት ይሻላል። ብርጭቆ ይታጠባል፤ ስድብ ግን አይታጠብም።

አራተኛ፣ ነገሩ ጤናን የሚጎዳ ሆኖ ባለቤቱ አልሰማም ካለ፣ በአካባቢው ላለው የጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። ለዚህ ጊዜ ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

አምስተኛ፣ ሲጣፍጠንም እንናገር። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» የሚለው ምርቃት ለእናቶቻችን ብቻ የተተወ አይደለም። ጭስ ውስጥ ለምትውል ወጥ ቤት ይህ ቃል ብርታት ነው፤ ነገም እንደ ዛሬው አድርጋ እንድትሠራ ያደርጋታል።

ባለቤት የሆናችሁም ደንበኛ ቅሬታ ሲያቀርብ አትከፉ። የተናገረው ሰው ተመልሶ ሊመጣ የሚፈልግ ሰው ነው። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ግማሹን ትቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ዝም ብሎ የሚወጣው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምታውቁት ምግብ ቤት የእጅ መታጠቢያው ውሃና ሳሙና አለው? ከሌለው ለማን ልትነግሩ ትችላላችሁ?

2. ሽማግሌው ለምን ሳይናገሩ ሄዱ ይመስላችኋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

3. አንድ በያይነቱ 130 ብር፣ ሁለት ቡና እያንዳንዱ 20 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላ ሒሳቡ ስንት ይሆናል?